መስማት ያቆመው ዘበኛ፦ ያረጀና የመስማት ኃይሉን ያጣ ውሻ ይዞ ስለመኖር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠና በተናጋሪው የታረመ)



የዚህ ንግግር ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግሥት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በመተላለፊያው አስቁሞኝ፣ «ስለ ላም ወይም ስለ ንብ ብትናገር ማን ይጠላል? ስለ ደንቆሮ ውሻ አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀልድ ነበር፤ ነገር ግን በውስጡ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው ርእሱ ትንሽ ነው የሚል ጥርጣሬ ነው። ሁለተኛው «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ወደ ቃሉ ኋላ እመለሳለሁ። ርእሱ ትንሽ መሆን አለመሆኑን ግን አንድ የደረሰብንን ነገር ካወራሁላችሁ በኋላ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው በመቲ ነው። ለማታውቁት፣ መቲ በጋምቤላ ክልል የማጃንግ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በጎደሬ ወረዳ ውስጥ፣ ከቴፒ በስተ ምዕራብ ባለው ደናማ ምድር ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው የማጃንግ ደን ነው። የአገሩ ባለቤቶች ማጃንጎች በንብ ማነብ የታወቁ ናቸው፤ ቀፎአቸውን ከረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ። አሜሪካዊው ጃክ ስታውደር በአውሮፓውያኑ 1971 ባሳተመው የምርምር መጽሐፍ አኗኗራቸውን፣ እርሻቸውንና ማራቸውን በሰፊው ገልጾታል። ዛሬ ከተማዪቱ ውስጥ ከማጃንጎች ጋር ከደጋው የመጡ ሰዎች ተሰባጥረው ይኖራሉ፤ የእህቴ ቤተ ሰብም ከነዚህ አንዱ ነው። ሥራቸው ቡና ነው።

መከታ የእህቴ ውሻ ነው። ሲመጣ በካርቶን ውስጥ የምትይዘው ቡችላ ነበር፤ አሁን 12 ዓመቱን አልፏል። እንደ አገሩ ልማድ ቀን ታስሮ፣ ማታ ተፈትቶ ግቢውን ሲጠብቅ ኖሯል። እኔ ከቴፒ መጥቼ ከባጃጅ ስወርድ፣ ገና መንገዱ ጥግ ላይ ሳለሁ አውቆኝ በሩን በጥፍሩ ይቧጭር ነበር። በሩ ሳይንኳኳ የመጣውን ሰው ወዳጅ ይሁን ባዕድ የሚነግራቸው እርሱ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ለፋሲካ ስሄድ መከታ አልተነሣም። በሩን ከፍቼ ገባሁ፤ አጠገቡ ደርሼ ቆምኩ፤ ተኝቷል። እህቴ፣ «ተወው፣ ሰነፈ፤ ጠግቦ ነው፤ ስንጠራውም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል» አለችኝ። እኔም፣ የእንስሳት ሥነ አካል ሳስተምር ከ20 ዓመት በላይ የቆየሁ ሰው፣ አባባሏን ተቀብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ይህን የምነግራችሁ ስለ ትሕትና አይደለም። የመስማት መድከም ለባለሙያም ቢሆን መጀመሪያ የጠባይ ለውጥ መስሎ እንደሚታይ ስለሚያሳይ ነው።

የኅዳር ወር የቡና ለቀማ ሰሞን ነበር ነገሩ የፈነዳው። ሰው ሁሉ በማድረቂያው አልጋ ዙሪያ ተሯሩጧል። የጎረቤት ልጅ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እየሮጠ መጥቶ በተኛው መከታ ላይ ሊሻገር ሲል ጅራቱን ረገጠው። መከታ ከእንቅልፉ ባንኖ ዘወር አለና የልጁን እጅ ነከሰ። ወዲያው ለቀቀ፤ ማን እንደሆነ ሲያይም ጆሮውን አጣጥፎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የልጁ እጅ ላይ ሁለት ቦታ ቆዳው ተቀዷል፤ ደም አለው። ከዚያ አንድ ሰው «አብዷል!» ብሎ ጮኸ። ከዚህ ቃል በኋላ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ በሩ ላይ ዱላ የያዙ ጎረምሶች ቆመው ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩን አቁሜ ወደ ጆሮው ልግባ፤ ምክንያቱም መከታን ከዱላ ያዳነው ኋላ እንደምታዩት ርኅራኄ ብቻ አልነበረም።

የውሻ ጆሮ ከእኛ ጆሮ በአሠራሩ አይለይም። ድምፅ የጆሮውን ታምቡር ያንቀጠቅጣል፤ ሦስት ደቃቃ አጥንቶች ንቅናቄውን ተቀባብለው ቀንድ አውጣ ወደሚመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍል፣ ወደ ኮክሊያ፣ ያደርሱታል። ኮክሊያው በፈሳሽ የተሞላ ነው። በውስጡ በረድፍ የተደረደሩ ፀጉር መሳይ ሕዋሳት አሉ፤ ፈሳሹ ሲናወጥ ፀጉሮቻቸው ይታጠፋሉ፣ መታጠፉም የነርቭ መልእክት ይሆናል። ልዩነቱ በስፋቱ ነው። እኛ በወጣትነታችን ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ እንሰማለን፤ ውሻ ግን ወደ 45,000 ኸርዝ የሚጠጋ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። አይጥ በግድግዳው ውስጥ የምታሰማውን፣ ለእኛ ፍጹም ዝምታ የሆነውን ድምፅ ውሻው ይሰማዋል። ሌሊት «በባዶ ቦታ» የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ቦታው ባዶ ስላልሆነ ነው።

እነዚህ ፀጉር መሳይ ሕዋሳት በአጥቢ እንስሳት ዘንድ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ዶሮ ከእኛ ትበልጣለች፤ በ1980ዎቹ ማብቂያ (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር) ተመራማሪዎች የጫጩት የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ከተጎዱ በኋላ መልሰው እንደሚበቅሉ ሲያረጋግጡ ታላቅ መደነቅ ሆኖ ነበር። ስለዚህ በመከታ ግቢ ውስጥ ከእርጅና መደንቆር ጋር በተያያዘ የተሻለ ዕድል ያላት ዶሮዋ ናት፤ እርሷ ግን ለእርጅና እስክትደርስ ማን ይታገሣታል? [ሳቅ]

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ውሻ ሲያረጅ ፀጉር መሳይ ሕዋሳቱ ይሳሳሉ፤ ከእነርሱ መልእክት የሚቀበሉት የነርቭ ሕዋሳት ይቀንሳሉ፤ የኮክሊያውን ፈሳሽ በሚገባው የኤሌክትሪክ ኃይል ሞልቶ የሚያቆየው በደም ሥር የበለጸገ ስስ ሽፋንም ይመነምናል። በኔዘርላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ቴር ሃር ከባልደረቦቹ ጋር በ2008 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት፣ የውሾች የመስማት ኃይል ከ8 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ መድከም እንደሚጀምርና ጉዳቱ በይበልጥ የሚታየው ከ8,000 እስከ 32,000 ኸርዝ ባሉት ድምፆች ላይ መሆኑን አሳይቷል። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ግን ድካሙ ወደ ሌሎቹም ይደርሳል።

ይህ ቁጥር በአንድ የመቲ ግቢ ውስጥ ምን ማለት ነው? ቀጭኑ ድምፅ አስቀድሞ ይጠፋል፤ ወፍራሙ ይቆያል። የቁልፍ መንሿሿት፣ የሰንሰለት ድምፅ፣ በደረቅ ቅጠል ላይ የሚሄድ እግር ኮሽታ ይጠፋሉ። የአይሱዙ ሞተር ግን አይጠፋም። የነጎድጓድ ድምፅም አይጠፋም፤ በከፊል በጆሮ፣ በከፊል በመሬቱ ንቅናቄ ይደርሰዋል። እንግዲህ ባለቤቱ የሚያየው ምንድን ነው? ውሻው በመንገድ ለሚያልፍ አይሱዙ ብድግ ይላል፤ ልጅቱ በቀጭን ድምጿ ስትጠራው ግን ፍንክች አይልም። ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ «ሲፈልግ ይሰማል»። ይህ ፍርድ ስሕተት መሆኑን ላስረግጥ እወዳለሁ። ሲፈልግ ሳይሆን ሲችል ነው የሚሰማው። ብዙ ያረጁ ውሾች የሚመቱት በዚህ ስሕተት ነው፤ ያልሰማውን ትእዛዝ አልፈጸምክም ተብሎ።

የሚደነቁር ውሻ ሁሉ በእርጅና አይደለም፤ ይህን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የጆሮ ቦይ በኩክ፣ በቁስል ወይም በጆሮ ቅንቅን ሊደፈን ይችላል፤ የሣር ዘር ገብቶ የተቀረቀረበትም አለ። ይህ ከሆነ ውሻው ራሱን ያራግፋል፣ ጆሮውን ያካል፣ ጆሮው ይሸታል፤ ከታከመ መስማቱ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የእንስሳት ሐኪም ጆሮውን እንዲያይ ማድረግ ነው። እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መድኃኒቶች በብዛት ወይም ለረጅም ጊዜ ሲሰጡ ፀጉር መሳይ ሕዋሳቱን ሊገድሉ እንደሚችሉም ተማሪዎቼ ልብ በሉ፤ በየገጠሩ የምንወጋው የፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ቅልቅል ከእነዚህ አንዱ ነው። ሲወለዱ ጀምሮ የማይሰሙም አሉ፣ በተለይ ነጭነት የሚያጠቃቸው ዝርያዎች፤ ዳልሜሽያን በሚባለው ዝርያ በአሜሪካ ከተመረመሩት 30 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ በአንድ ጆሮአቸው አይሰሙም። የእኛ ጉዳይ ግን እርሱ አይደለም።

በቤት ውስጥ መፈተን ቀላል ነው፤ በትክክል መፈተን ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰዎች ከውሻው ጀርባ ቆመው ያጨበጭባሉ፤ ውሻው ዘወር ይላል፤ «ይሰማል» ይላሉ። ዘወር ያደረገው ጭብጨባው ያመጣው ነፋስ ሊሆን ይችላል፣ ጥላው ሊሆን ይችላል፣ የእግር ንዝረት ወይም ሽታ ሊሆን ይችላል። እኔ መከታን የፈተንኩት ተኝቶ ሳለ፣ ነፋሱ ከእርሱ ወደ እኔ በሚነፍስበት ጎን፣ ከአራት ሜትር ርቀት ላይ የብረት ትሪ በማንኪያ በመምታት ነው። ጆሮው እንኳን አልተንቀሳቀሰም። በሌላ አገር በጭንቅላት ቆዳ ላይ ቀጫጭን መርፌዎች ተክሎ የአንጎል ግንድ ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ የሚለካ ምርመራ አለ፤ ውጤቱ አያጠራጥርም። የእህቴ ትሪ ግን ለእኛ በቂ ነበር።

አሁን ወደ ዱላዎቹ እንመለስ።

ጎረምሶቹን አልነቅፍም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ተረት አይደለም። በአውሮፓውያኑ 1903 አዲስ አበባ ላይ የደረሰው ወረርሽኝ በጽሑፍ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲህ በሽታው ከአገሪቱ ጠፍቶ አያውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ገደማ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው፤ በተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። አንድ የሰፈር ሰው «አብዷል» ሲባል ዱላ የሚያነሣው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ አንድ ሰው በዚህ በሽታ ሲሞት አይቶ ወይም ሰምቶ ስለሆነ ነው።

ችግሩ ያረጀና የደነቆረ ውሻ ያበደ ሊመስል መቻሉ ነው። እስቲ ምልክቶቹን አስተያዩ። ያበደ ውሻ ጌታውን አያውቅም፤ ሲጠሩት አይመልስም። የደነቆረውም ሲጠሩት አይመልስም። ያበደ ውሻ ሳይነኩት ይናከሳል፤ የደነቆረውም ከእንቅልፉ ሲባንን ሊናከስ ይችላል። ያበደ ውሻ ጩኸቱ ይለወጣል፤ የደነቆረም ውሻ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ አንዳንድ ጊዜ ጩኸቱ እንግዳ ይሆናል፣ ያለ ልክም ይጮኻል። አንዳንዱ ያረጀ ውሻ በተጨማሪ አንጎሉ ደክሞ በግቢው ውስጥ ይባዝናል፣ ጥግ ላይ ቆሞ ይቀራል።

የሚለያቸው ጊዜ ነው። መደንቆር በወራትና በዓመታት ይመጣል፤ እብደቱ ግን በቀናት ውስጥ ይገሠግሣል። የታመመው ውሻ መዋጥ ይሳነዋል፣ ለሃጩ ይንጠባጠባል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ የኋላ እግሮቹ ይዝላሉ፣ ምልክቱ በታየ በ10 ቀን ገደማ ውስጥም ይሞታል። የ10 ቀን ክትትል የሚባለው ሕግ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፦ ሰው የነከሰ ውሻ ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ታስሮ፣ እየበላና እየጠጣ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው።

በሩ ላይ ቆሜ የተናገርኩት ይህንኑ ነው። ግን በመጀመሪያ የተደረገው ስለ ውሻው አልነበረም። የልጁን እጅ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጠብን፤ ሰዓት ይዤ ነው ያጠብኩት፣ ምክንያቱም 15 ደቂቃ ልጅ እያለቀሰ ሲሆን ረጅም ነው። ከዚያ እናቱ ወደ ጤና ተቋም ወሰደችው፤ ክትባቱም ውሻውን ሳይጠብቅ እንዲጀመር ሆነ። ይህ ቅደም ተከተል ሊዛባ አይገባም። ውሻውን የምንታዘበው ክትባቱን ለማቆም ይቻል እንደሆነ ለማወቅ እንጂ ለመጀመር አይደለም።

ለጎረምሶቹ አንድ ሌላ ነገር ጨመርኩላቸው። ውሻው ዛሬ በዱላ ጭንቅላቱን ተመትቶ ቢሞት፣ ማበዱንና አለማበዱን ማወቂያው ይጠፋል። በሽታው በቤተ ሙከራ የሚረጋገጠው በአንጎሉ ነው፤ የተፈረከሰ አንጎል ደግሞ ለምርመራ አይመችም። የልጁ እናት ይህን ስትሰማ፣ «እንግዲያው አትንኩት፤ እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች። መከታን ያዳነችው እርሷ ናት ብል አላጋነንኩም። ልጇን የነከሰውን ውሻ ያስጣለችው ልጇን ብላ ነው።

እህቴ ደግሞ ከቡና ሽያጭ ደረሰኞች መካከል የመከታን የክትባት ወረቀት ፈልጋ አወጣች። በዚያው ዓመት የተከተበ ነበር። ወረቀቱ ብቻውን ክትትሉን አያስቀርም፤ ነገር ግን ዱላዎቹን ዝቅ አድርጓቸዋል። ውሻ ያላችሁ ሁሉ፣ ያረጀ ውሻ ያላችሁ በይበልጥ፣ ይህን ወረቀት በምታገኙበት ቦታ አስቀምጡ። የደነቆረ ውሻ ራሱን ሊያስረዳ አይችልም፤ የሚያስረዳለት ወረቀት ነው።

10 ቀኑ አለፈ። መከታ በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። በአማርኛ ተበቃይ ያጣ ሞት «ደመ ከልብ» ይባላል፤ በግእዝ ከልብ ማለት ውሻ ነውና፣ የውሻ ደም ማንም አይጠይቀውም ማለት ነው። በእነዚያ 10 ቀናት ይህ አነጋገር ደጋግሞ ወደ አእምሮዬ ይመጣ ነበር።

ስለ ቃላት ካነሣሁ የባልደረባዬን «ደንቆሮ» ላንሣ። ይህ ቃል በቋንቋችን ሁለት ሥራ ደርቧል፤ የማይሰማንም፣ የማያውቅንም ይጠራል። ሁለቱን አንድ ያደረገው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ጉዳቱ ግን ይታወቃል። መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን ቃሉን የሚጸየፉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ በሚያስተምርበት ዘመን አለመስማትን ከአለማወቅ ጋር ማስተካከል ነውር ነው። ሰውን ከውሻ ጋር እያነጻጸርኩ እንዳይመስላችሁ፤ የምለው ስሕተቱ አንድ ነው ነው። ድምፅ ያልደረሰውን አእምሮ፣ የሌለ አእምሮ አድርጎ መቁጠር።

ሌላው አነጋገር «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ነው። ምሳሌው ስለ ታማኝነት ነው ይባላል፤ እኔ ግን የሥራ ውል ይመስለኛል። ይበላል፣ ይጮኻል። በአብዛኛው ቤታችን ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ ነውና የውሻ ዋናው መሣሪያ ጆሮው ነው። ጆሮው ሲሄድ ውሉ ይፈርሳል? ብዙዎች ውሻቸውን ከከተማ አውጥተው የሚጥሉት በዚህ ጊዜ ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ውሾች ለእርጅና ሳይደርሱ በመኪና፣ በበሽታና በመርዝ ስለሚያልቁ፣ ያረጀ ውሻ እንዴት እንደሚያዝ የወረስነው ወግ ብዙም የለም። በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ የዓይነ ስውሩ አረጋዊ ልጅ ከመልአኩ ጋር ሲጓዝ ውሻ ተከትሎአቸዋል። ውሻው ምንም ሲሠራ አይነገርም፤ አይጮኽም፣ አያድንም፣ አይጠብቅም። አብሮ መሄዱ ብቻ ተጽፏል። ሰባክያን ይህን ቢያብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

አያያዙን በሚመለከት የተማርነው አብዛኛው ከሙከራና ከስሕተት ነው።

ዋናው ነገር አለማባነን ነው። የሚተኛበትን ቦታ ከመተላለፊያ ወደ ግድግዳ ጥግ አዛወርነው፤ ሰው ከፊት ለፊቱ ካልሆነ በስተቀር ሊቀርበው እንዳይችል። ሲቀሰቅሱት እጅን አፍንጫው አጠገብ ማቆየት ነው፤ ሽታው ያነቃዋል። ነቅቶ ካየ በኋላ ትከሻውን መንካት፣ ከዚያ አንድ ቁራሽ ዳቦ መስጠት። በሳምንታት ውስጥ የሰው እጅ ሲነካው ከመባነን ይልቅ ዳቦ መፈለግ ጀመረ። መሬቱን በእግር ረገጥ አድርጎ መቀስቀስም ይመከራል፤ ይህ ግን በጣውላ ወለል ላይ እንጂ በመቲ እርጥብ አፈር ላይ ብዙ አያስኬድም። ይህን የሞከርነው ከአንድ መጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ እህቴ ስረግጥ አይታ ሳቀችብኝ።

ሽታን በሚመለከት ከእኔ የተሻለ መምህር አገኘሁ። የእህቴ ጎረቤት የሆኑ አንድ የማጃንግ አረጋዊ፣ በጉብዝናቸው ዘመን ቀፎ ሲሰቅሉና ሲያድኑ የኖሩ፣ መከታን ቆመው ካዩ በኋላ፣ «ነፋሱ ካንተ ወደ እርሱ ሲሆን ቅረበው፤ ያኔ አንኳኩተህ ገባህ ማለት ነው» አሉኝ። «አባባ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?» ብላቸው፣ «ውሻው» አሉኝ። በደን ውስጥ ማየት አሥር እርምጃ አይዘልቅም፤ እንስሳም ሰውም በጆሮና በአፍንጫ ነው የሚኖረው። አንዱ ሲጎድል ሌላው ላይ መደገፍ ለእርሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም። በዚሁ መሠረት እህቴ አሮጌ ነጠላዋን ከመኝታው ላይ አነጠፈችለት፤ ከቤት ስትወጣ መባዘኑን ቀነሰ።

ምልክት ማስተማር አስቸጋሪ አይደለም። ውሾች የሰውን እጅ የሚከተሉ ፍጥረቶች ናቸው፤ በ1998 (እ.ኤ.አ.) የቡዳፔስት ተመራማሪዎችን ጨምሮ የተለያዩ ቡድኖች ውሾች የሰውን የእጅ ጥቆማ ተከትለው የተሸሸገ ምግብ እንደሚያገኙ አሳይተዋል። መከታ ሦስት ምልክቶች ያውቃል፦ መዳፍን ወደ ራስ መሳብ «ና» ነው፤ መዳፍን ማቆም «ቁም» ነው፤ አውራ ጣትን ማሳየት «ጎበዝ» ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ያረጀው ውሻ ከድምፅ ጋር ያጣው ትእዛዝን ብቻ አይደለም፣ ምስጋናንም ነው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ደግሞ በእጅ ባትሪ ሁለት ጊዜ ብልጭ ማድረግ መጠሪያው ሆነ። ብርሃኑን ዓይኑ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊቱ መሬቱ ላይ ነው የሚያበሩለት።

ማታ ከግቢ አይወጣም። ይህ ከሁሉ ጥብቁ ሕግ ነው። የማይሰማ ውሻ ባጃጅን ከኋላው አይሰማም፣ ጅብንም አይሰማም። ልጆቹን በሚመለከትም ሕግ አለ፤ የተኛ ውሻ አይነካም፣ አይታለፍበትም። የተነከሰው ልጅ ይህን ሕግ ለጓደኞቹ የሚያስተምር እርሱ ሆኗል፤ ጠባሳውን እያሳየ።

ሰብሳቢያችን ሰዓቱ መድረሱን በእጃቸው እያመለከቱኝ ነው። ከጥያቄዎች ሁለቱን ልውሰድ።

አንዲት ተማሪ፣ እንዲህ ያለውን ውሻ ያለ ሥቃይ እንዲሞት ማድረግ አይሻልም ወይ ብላለች። ተገቢ ጥያቄ ነው። መለኪያዬ ይህ ነው፦ ይበላል? ይቆማል? ሕመም አለበት? ሰው ሲመጣ ይደሰታል? አለመስማት ብቻውን ሥቃይ አይደለም። መስማቱን ቀስ በቀስ ያጣ ውሻ ምን እንዳጣ የሚያውቅም አይመስለኝም፤ የሚያስጨንቀው ድንገት መነካቱ ነው፣ ያ ደግሞ በእኛ እጅ ነው። ሊድን የማይችል ሕመም ሲመጣ ግን መልሴ ይለወጣል፤ ያኔ በሐኪም እጅ እንጂ በመርዝ ወይም በዱላ አይሁን።

ሁለተኛው ጥያቄ ከኋላ የመጣ ነው፤ ግቢውን አሁን ማን ይጠብቃል? እህቴ ባለፈው ክረምት ቡችላ አምጥታለች። መከታ መጀመሪያ ሦስት ቀን ጀርባውን ሰጣት። አሁን አጠገቧ ይተኛል። እርሷ ኮሽታ ሰምታ ብድግ ስትል ጎኑን ስለምትነካው ይነቃና፣ ወደምታይበት አቅጣጫ ዞሮ ይጮኻል። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ በመንገድ የሚያልፍ ሰው የሚፈራው እርሱን ነው።